ወፏን ማን አስፈረማት?

አንዲት አሮጊት ባቡር ውስጥ ተቀምጣለች። በጎን ባለው ሐዲድ ሌላ ባቡር በተመሳሳይ ፍጥነት ይሄዳል። የዚያኛው ባቡር የመስኮት መጋረጃ ድንገት ይጠቀለልና፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው አንዲት ሴት አንቆ ሲገድል በዓይኗ ታያለች። ባቡሩ ፈጥኖ ያልፋል። ትኬት ተቆጣጣሪውን ጠርታ ትነግረዋለች። እሱ ሴትየዋ ስታነብ የነበረውን የወንጀል ልብ ወለድ ያይና፣ ሸለብ አድርጓት በሕልሟ ያየችው ነገር ይመስለዋል። ፖሊስም ጥቂት ፈላልጎ አስከሬን ሲያጣ ነገሩን ይተወዋል።

ፊልሙ በ1961 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው «መርደር ሺ ሴድ» ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ግድያ ነው አለች» እንደ ማለት። ታሪኩ ከአጋታ ክሪስቲ ልብ ወለድ የተወሰደ፣ አዘጋጁ ጆርጅ ፖሎክ፣ መርማሪዋን ሚስ ማርፕልን ሆና የምትሠራው ደግሞ ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ማርጋሬት ራዘርፎርድ ናት። እኔ ያየሁት ሰቆጣ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ስላላደረሰን መጨረሻውን ያየነው በማግሥቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ግን ስለ ገዳዩ አልነበረም። «አየሁ» ብላ ስላልታመነችው አሮጊት ነበር።

ሚስ ማርፕል ፖሊስ ሲተዋት ምን አደረገች? ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ወዳጇ ጋር ሐዲዱን በእግሯ ተከትላ፣ አስከሬኑ ተወርውሮ ሊወድቅ የሚችልበትን ቦታ ለየች። ቦታው የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ግቢ አጥር ሥር ሆኖ ተገኘ። እሷም እዚያ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በመጽሐፉ ባቡሩ ውስጥ ሆና የምታየው አንዲት ሴት፣ በሠራተኝነት የምትገባው ሌላ ሴት፣ ሁሉን የምትገጣጥመው ደግሞ ሚስ ማርፕል ናት። ፊልሙ ሦስቱን በአንድ ሰው ጠቀለላቸው። እኔ ይህን ለውጥ ወድጄዋለሁ። ቤት የሚጠርግ፣ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ምን ያህል እንደሚያይና ማንም እንደማያየው፣ ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። እንግሊዞች ይህን ፊልም ባወጡበት በዚያው 1961፣ በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግን አወጀ። ያኔ ደሃና በወሎ ጠቅላይ ግዛት በዋግ አውራጃ ሥር ነበረች። ሰው ሲገደል ማን እንደሚመረምር፣ ማን እንደሚጠቁም፣ ምስክር ምን እንደሚደረግ በአንድ ሕግ በዝርዝር ተጻፈ። ሕጉ ባዶ ቦታ ላይ ግን አልተተከለም። ከእሱ በፊት የነበረውን የሚያውቅ ሰው የተለወጠውን ነገር ያየዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። ሰው ተገድሎ ወይም ንብረት ተሰርቆ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ሰው ወደ ሥራው መመለስ አይችልም። የእርሻ ወቅት ይሁን የአጨዳ፣ ጉባኤው አይጠብቅም። አድራጊው ካልታወቀ ደግሞ ዕዳው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ ካሣውን አዋጥቶ ይከፍላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እጅግ የሚገርመኝ «ወፍ» ነው። ያየ ሰው ሜዳ መሀል ቆሞ «እገሌ ገደለ» አይልም። ለሽማግሌዎቹ ለብቻው ይነግራል፣ እነሱም የሰሙትን ወፍ እንደነገረቻቸው አድርገው ያወጡታል። ስሟ አይጠራም፣ ቤቷ አይታወቅም። ደም የሚመለስበት አገር ውስጥ ይህ ቀላል ብልሃት አይደለም። ገዳዩ ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው፤ ዛሬ የመሰከረ ሰው ነገ ውኃ መቅጃው ላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ነገሩን ያወጣችው ወፍ እንድትሆን ተደረገ። ወፍን ማን ይበቀላታል?

አፈርሳታን ለማሞገስ እንዳልተነሳሁ ይታወቅልኝ። በድሮ ነገር ላይ ማር የሚቀቡ ጽሑፎች ይሰለቹኛል። ወፏ ልትዋሽ ትችላለች፤ በድንበር የተጣላ ሰው ጎረቤቱን በወፍ አስመትቶ እጁን ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ያልበደለ ገበሬ ሥራ ፈትቶ ይከርማል፣ ባላደረገው ነገር ካሣ ያዋጣል። ከዚህ የከፋም ነበር። ሌባሻይ የሚባለው ዘዴ አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ፣ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ማለት ነበር። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አፈርሳታ የጨዋ ችሎት ነው።

የ1954ቱ ሕግ ይህን ሁሉ ትቶ ምርመራን የፖሊስ ሥራ አደረገው። ፖሊሱ ራሱ አዲስ ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ መኮንኖች እገዛ የተቋቋመ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ረቂቅ ላይም ሰር ቻርልስ ማቲው የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው እጁ አለበት። ከዚህ ሕግ ሁለት አንቀጾችን ፊልሙን ካየሁ በኋላ ደግሜ አነበብኳቸው። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ያየም ያላየም፣ ለማመልከት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 22 ደግሞ የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ፖሊስ ምርመራውን እንዲያደርግ ያዛል።

ይህን ከባቡሯ አሮጊት ጋር አስተያዩት። «ሕልም አይተሽ ይሆናል» ማለት በእኛ ሕግ የምርመራ መልስ አይደለም። ፖሊሱ በልቡ መጠርጠር ይችላል፤ ሥራውን ግን መሥራት አለበት። በወረቀት ላይ ብቻ ብንሄድ ሚስ ማርፕል ደሃና ብትሆን ኖሮ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና መግባት ባላስፈለጋት ነበር።

ግን አንቀጽ 14 አለ። የቀረበው አቤቱታ በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ያቀረበው ሰው ይፈርምበታል። ለፍትሕ ተገቢ ነገር ነው፤ ተከሳሽ ማን እንደወነጀለው የማያውቅበት ችሎት ችሎት አይደለም። ሆኖም በዚያች ፊርማ ወፏ ሞተች። በቦታዋ ስም ያለው፣ ቀበሌ ያለው፣ የአውራ ጣቱ ቀለም ወረቀት ላይ የቀረ ሰው ቆመ።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ትመስለኛለች። ማስረጃ የለኝም፣ ግምት ነው። ወፏ ማን እንደነበረች አይጻፍማ! ጽሑፉ ወንዶቹን ሽማግሌዎች ያስታውሳል። ግን ጎህ ሳይቀድ ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ማን ናት? ሌሊት ወፍጮ ላይ ሆና የማን ውሻ እንደጮኸና የማን እግር በደጅ እንዳለፈ የምትሰማስ? አያቴ ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን በቅሎ ሁሉ በኮቴው ትለየው ነበር። እንደ እሷ ያለች ሴት አንድ ቀን የማይሆን ነገር ሰማች እንበል። ጣቢያው አምደወርቅ ነው፣ የእግር መንገድ ነው። የምትናገረው ኽምጣንኛ ከሆነና ቃል ተቀባዩ በአማርኛ ከጻፈ፣ ነገሯ አንዴ በአስተርጓሚው አንዴ በጸሐፊው ተመንዝሮ ይሰፍራል። ከዚያ «ፈርሚ» ትባላለች። ስትመለስ መንገዷ በተጠርጣሪው ዘመዶች ደጅ ያልፋል። ቤት ገብታ «አልሰማሁም» ብትል ፈሪ የሚላት ሰው እዚያ ያልኖረ ነው።

ሕግ አውጪው ይህን ቀዳዳ ያየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጣ። በከባድ ወንጀሎች ላይ አደጋ የሚያሰጋቸውን ሰዎች ማንነት መደበቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ማስመስከር፣ መኖሪያ መቀየር፣ አስፈላጊ ሲሆን ማንነትን መለወጥ ሁሉ በውስጡ አለ። ጥሩ አዋጅ ነው። የተጻፈው ግን ሰው ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ዕቃውን ጭኖ ለሚሄድበት ኑሮ ይመስለኛል። የደሃናዋን ሴት «መኖሪያሽን እንቀይርልሽ» ማለት መሬቷን፣ ፍየሎቿን፣ ማኅበሯን፣ የልጇን መቃብር ተዪ ማለት ነው። ስሟን ቢለውጡላትስ? እሷን የሚያውቋት በስሟ አይደለም፤ በእናቷና በአባቷ፣ በአካሄዷ፣ በሳሏ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅዋን ሲሰማ የማያውቃት ተከሳሽ ከጎረቤት መንደር አይገኝም።

የእንግሊዙ ፊልም ሲያልቅ ገዳዩ ተይዟል። ቁጡው የቤቱ ጌታ ለሚስ ማርፕል የጋብቻ ጥያቄ ያቀርብላታል፤ አልፈልግም ትለዋለች። ከዚያ ከወዳጇ ጋር ወደ መንደሯ ትመለሳለች። በመንደሯ የገዳዩ ወንድም የለም። የገዳዩ አክስት ቡና አትጠራትም። ምን እንደመሰከረች ጠይቆ በሯ ላይ የሚቆም ጎረምሳም የለም። ጓደኛዬ ላፕቶፑን እየዘጋ «ይሄ ነው ልብ ወለዱ» አለኝ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ወደ አምደወርቅ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡ እናት ታሪኩን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦

«ልጅ የላትም?»

የላትም አልኳቸው።

«እንግዲያማ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።