የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በአን አርበር ከተማ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ስጋቷን ለፓቶሎጂ ሐኪሙ አልድሬድ ዋርቲን ነገረቻቸው፦ ዘመዶቿ በአንጀትና በማሕፀን ካንሰር በለጋ ዕድሜያቸው ስላለቁ እሷም እንደዚያው እንደምትሞት አትጠራጠርም። ዋርቲን ነገሩን አቃለው አላለፉትም። የዘመዶቿን ዕድሜና የሞት ምክንያት እየመዘገቡ የዘር ሐረጉን ሣሉ፤ በ1913 ሲያሳትሙትም ቤተሰቡን «ጂ» በሚል ፊደል ብቻ ጠሩት። ሴትዮዋም እንደፈራችው በማሕፀን ካንሰር ሞተች።

ከዋርቲን በኋላ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። መልሰው ያነሱት በኦማሃ፣ ነብራስካ የሠሩት ሄንሪ ሊንች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጠጥ የጎዳው አንድ ታካሚ ለምን እንደሚጠጣ ሲጠየቅ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በካንሰር እንደሚያልቅና እሱም ተራውን እየጠበቀ እንደሆነ ተናገረ። ሊንች ያን ቤተሰብ ተከታትለው ጥናታቸውን በ1966 አሳተሙ፤ የዋርቲን መዝገብም እጃቸው ገባ። ብዙ ሳይንቲስቶች ካንሰር በዘር ይወርዳል የሚለውን ባይቀበሉም፣ ሊንች ዘመዳሞችን እየጠየቁ መመዝገባቸውን አላቋረጡም። በሽታው ዛሬ በስማቸው ሊንች ሲንድረም ይባላል። የሁለቱም ሐኪሞች ትልቁ ሥራ፣ ሌላው እንደ ተራ ወሬ የሚያልፈውን ቃል አምኖ መስማት ነበር።

ምክንያቱ በ1993 ተገኘ። ሴል ሲከፋፈል ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ በግልባጩ ላይ የገባውን ስህተት የሚያርሙ ፕሮቲኖችም አሉት። ከእነዚህ አንዱ የሚሠራበት ኤምኤስኤች2 የተባለው ዘረመል ሊንች ሲንድረም ባለባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ተበላሽቶ ተገኘ። በ2000 ደግሞ የቤተሰብ ጂ ጉድለት እዚያው ዘረመል ላይ መሆኑ ታወቀ። አራሚ እንዳጣ ብራና፣ በእንዲህ ያለ ሴል ውስጥ ስህተት በስህተት ላይ ይደራረባል።

ስህተት የበዛበት ካንሰር ለሰውነት ባዕድ የሆኑ ፕሮቲኖችን ስለሚያወጣ ነጭ የደም ሴሎች ለይተው ይከቡታል። ታዲያ ለምን አይገድሉትም? አንደኛው ምክንያት ፒዲ-1 ነው፤ በ1992 የታሱኩ ሆንጆ ቡድን በኪዮቶ ያገኘው፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚገታ ፕሮቲን። ካንሰሩ ይህን ቀስቅሶ ጥቃቱን ያስቆማል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይገርማል። ሴል በውስጡ ያለውን ቲ ሴሎች ለተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚያሳየው ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን በተባለ ፕሮቲን እገዛ ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ተደጋጋሚ ፊደላት ስላሉበት ለስህተት የተጋለጠ ነው፤ እርማት ሲጠፋ በቀላሉ ይበላሻል። ካንሰሩን ያጋለጠው ጉድለት መደበቂያውንም ሰጠው ማለት ነው። ደግነቱ፣ ይህን ፕሮቲን ካጡት ዕጢዎች መካከልም ፒዲ-1ን በሚያግደው መድኃኒት የሚሟሙ አሉ።

የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2015 መድኃኒቱን ሞከሩ። የእርማት ጉድለት ካለባቸው 10 የአንጀት ካንሰር ሕሙማን የ4ቱ ዕጢ ሲቀንስ፣ ጉድለቱ ከሌለባቸው 18 ሕሙማን ግን የአንዱም አልቀነሰም። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን ካንሰሩ በየትኛውም አካል ይነሣ፣ ይህ ጉድለት ላለባቸው ሕሙማን ፈቀደ። ካንሰር ከተነሣበት አካል ይልቅ በዘረመሉ ተለይቶ መድኃኒት ሲፈቀድለት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ሌላ አካል ከተዛመቱ የአንጀት ካንሰሮች ይህ ጉድለት ያለባቸው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ለቀሩት ፍለጋው ቀጥሏል። በቤተሰቡ የአንጀት ወይም የማሕፀን ካንሰር የተደጋገመበት አንባቢ ግን ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይንገር፤ ሊንች ሲንድረም ያለበት ሰው በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ አንጀቱን ቢታይ ካንሰሩ ሥር ሳይሰድ ሊደረስበት ይችላል።