ተቅሊድ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ተቅሊድ በእስልምና አንድ ሙስሊም ማስረጃውን ራሱ ሳይመረምር የሊቅን ብይን ተቀብሎ መሥራቱ ነው። ከቁርአንና ከሐዲስ ሕግ ለማውጣት የበቃው ሊቅ ሙጅተሂድ፣ ተከታዩ ሙቀሊድ ይባላል። ቁርአን፣ የማያውቅ ሰው ዐዋቂን እንዲጠይቅ ያዛል፤ አባቶቻችን ያደረጉትን እናደርጋለን ብለው እውነትን የሚገፉትን ደግሞ አጥብቆ ይነቅፋል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ዑለማዎች (ሊቃውንት)፣ በተለይ አሽዐሪ የተባለው የእምነት ትምህርት ተከታዮች፣ በአላህ አንድነት ማመን ከሰው አፍ በመቀበል ብቻ መቆም የለበትም ይላሉ። በውዱእ፣ በሶላትና በዘካ ዝርዝር ግን ያልተማረ ሰው ጠይቆ መከተል ግዴታው ነው።

ይህ መከተል በኢትዮጵያ የሚታየው በመዝሀብ ማለትም በሕግ ትምህርት ቤት ነው፤ በሐረርጌ፣ በአርሲና በባሌ ሙስሊሞች የሚከተሉት በዋናነት እ.ኤ.አ. በ820 ያረፉትን የኢማም ሻፊዒን መዝሀብ ነው። በወሎ ሐነፊ የተባለው መዝሀብም ሰፊ ተከታይ አለው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባቡሩና በመኪናው መንገድ ላይ ያደገችው አዳማ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሙስሊም በአንድ የሶላት ሰፍ አቁማዋለች። የመዝሀቦቹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በሱብሒ፣ በንጋት ሶላት፣ ነው። ሻፊዒው ኢማም በሁለተኛው ረከዓ ከሩኩዕ ቀና ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ቁኑት የተባለውን ዱዓ ያደርጋል፤ ከኋላው ያለው አሚን ይላል። ከረሳው ከማሰላመቱ በፊት የመርሳት ሱጁድ ይወርዳል። ሐነፊው በሱብሒ ቁኑት ስለሌለው፣ በመዝሀቡ በታወቀው ብይን መሠረት ኢማሙ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይቆማል። ቀድሞት ሱጁድ አይወርድም፤ ኢማም የሚቆመው ሊከተሉት ነው የሚለው የነቢዩ ትእዛዝ ሁለቱንም ይይዛል። ተቅሊድን ጭፍንነት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰውየው መዝሀቡን ሳይጥል ወንድሙን ይከተላል።

ይህን ዕውቀት ያቆዩት ሸኾችና ተማሪዎቻቸው ደረሶች ናቸው። ደረሳው በሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን እያነበበ ይማራል፤ ሸኹም ከመምህሩ እንዲሁ የተረከበ ነው። በሻፊዒ ፊቅህ ከሚከበሩት ኪታቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1277 ያረፉት የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባሌ የተነሣው የሰለፊያ ትምህርት ይህን ልማድ ሞገተ። መከተል የሚገባው ማስረጃው ነው፤ ማስረጃን መከተልም ኢቲባዕ ይባላል አለ። በባሌ ወዳለው የሼኽ ሁሴን ደሪህ (መቃብር) የሚደረገውን ጉዞና መውሊድንም ተቃወመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትምህርቱ በከተሞች ተስፋፋ። ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ቀደምት ዑለማዎችም ለተማረው ይህን አልከለከሉም። ዐረብኛ የማያነብ ወጣት ግን የሰፈሩን ሸኽ ትቶ የሌላ አገር ዓሊም ቃል ሲይዝ፣ የሚከተለውን ሰው ለወጠ እንጂ ከተቅሊድ አልወጣም። ነባሩን ልማድ የያዘው ሱፊ፣ አዲሱን ትምህርት የያዘው ሰለፊ ተብሎ የተከፈለውን ሕዝብ ለማቀራረብ፣ ዑለማዎች ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአንድነት ሰነድ አጽድቀዋል።