እምብዛም የማይታዩ የማኅፀን በር ዕጢዎች በወጣት ሴቶች

የማኅፀን በር ካንሰር በአብዛኛው ከሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ጋር የተያያዘና ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ በሽታ ነው። ከዚህ መንገድ የወጡ ጥቂት ዕጢዎች ግን ገና በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ይይዛሉ። ደም ሲታይ የወር አበባ መዛባት ነው፣ ፈሳሽ ሲበዛ ኢንፌክሽን ነው እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ በዚያ ዕድሜ ካንሰርን የሚጠረጥር ብዙ የለም።

ጥርጣሬው ከየት መጀመር እንዳለበት ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የቦስተኑ ነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች ከ15 እስከ 22 ዓመት በሆናቸው ልጃገረዶች ብልት ውስጥ፣ በዚያ ዕድሜ ጨርሶ የማይጠበቅ ካንሰር ተደጋግሞ ገጠማቸው። አርተር ኸርብስት፣ ሃዋርድ ኡልፌልደርና ዴቪድ ፖስካንዘር ጥያቄያቸውን ወደ እናቶች አዞሩ። በ1971 ባወጡት ጥናት 8 ታማሚዎችን ከ32 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። የ7ቱ ታማሚዎች እናቶች በእርግዝናቸው ዲኢኤስ የተባለ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ወስደው ነበር፤ ከጤነኞቹ እናቶች ግን አንዷም አልወሰደችም። የሚያሳዝነው፣ ጽንስ እንዳይወርድ ይታዘዝ የነበረው ይህ መድኃኒት ፋይዳ እንደሌለው በቺካጎ የተደረገ ጥናት በ1953 አሳይቶ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለነፍሰ ጡሮች እንዳይታዘዝ ያስጠነቀቀው በ1971 መጨረሻ ነው። ክሊር ሴል አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ይኸው ካንሰር በማኅፀን በርም ላይ ይወጣል፤ ለመድኃኒቱ ከተጋለጡት ሴት ልጆች ከ1,000 አንዷን ገደማ ይይዛል። ዲኢኤስ ያልደረሰባቸውም ይታመማሉ።

የተለመደው ቅድመ ምርመራ እነዚህን ዕጢዎች ሊስት ይችላል። በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የሚሠራበት የአሴቲክ አሲድ ምርመራ የማኅፀን በሩን ውጫዊ ገጽ እንጂ የውስጡን ቦይ አያሳይም። የቫይረስ ምርመራም ቢሆን ከቫይረሱ ጋር ያልተያያዘውን፣ ጋስትሪክ አዴኖካርሲኖማ የሚባለውን የማኅፀን በር ዕጢ አያገኘውም። ይህ ዕጢ ቦዩ ውስጥ ጠልቆ ያድጋል፤ ምልክቱ አንዳንዴ ውሃ የመሰለ ብዙ ፈሳሽ ብቻ ነው። ፑትዝ-ጄገርስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ለዚህ ዕጢ ይበልጥ ስለሚጋለጡ፣ አስተዋይ ሐኪም የታካሚዋን ከንፈርም ያያል፤ የሕመሙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ የሚታዩት እዚያ ነው።

ራብዶማዮሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ደግሞ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ከማኅፀን በር ሊወጣ ይችላል። ተራ ፖሊፕ መስሎ ይቆረጣል፤ ሥጋው ወደ ላቦራቶሪ ካልተላከ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ፓቶሎጂስቱ ዴስሚንና ማዮጄኒን በተባሉ ፕሮቲኖች ማቅለሚያ የጡንቻ ሴል መሆኑን ይለያል። ዳይሰር1 በተባለው ዘረ-መል ላይ ለውጥ ከተገኘ፣ ቤተሰቡም ስለ እንቅርት፣ ስለ እንቁላል ዕጢና ስለ ልጆች የሳንባ ዕጢ ይጠየቃል።

የዕጢውን ዓይነት በትክክል መለየት ሕክምናውን ይወስናል። ዳንኤል ዳርዣን ሊዮን ውስጥ የጀመረው፣ ማኅፀኑን ትቶ በሩን ብቻ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ገና ልጅ ላልወለደች ሴት ተስፋ ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው የሚሠራው ዕጢው ከ2 ሴንቲሜትር በታች ሲሆን ነው። ስሞል ሴል ኒውሮኢንዶክራይን የሚባለው ካንሰር ግን ትንሽ ሳለም ወደ ሌላ አካል ስለሚሠራጭ ለዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና አይመከርም፤ ኬሞቴራፒ ያስፈልገዋል።