በዘፈን ስም የተቀረጸው ፊልም



በቂርያት ጋት ወይም በደቡብ ቴል አቪቭ የምትኖሩ ወላጆች «ሮጎዚን» የሚለውን የትምህርት ቤት ስም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ምናልባትም ልጆቻችሁ እዚያው ይማሩ ይሆናል። ስሙ የተወሰደው ከእስራኤል ሮጎዚን ነው። እርሳቸው በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የበለጸጉ አሜሪካዊ አይሁዳዊ ነበሩ፤ በዚህ አገር ለተሠሩ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ገንዘብ ሰጥተዋል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ልጃቸው ስለ ላዮኔል ነው፤ የአባቱን ሀብት ትቶ ካሜራ ስላነሣው።

ላዮኔል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሏል። በአውሮፓ በአይሁድ ላይ የደረሰውን ካወቀ በኋላ ዘረኝነትን ባለበት ቦታ ሁሉ ለመታገል ለራሱ ቃል ገባ። ዓይኑ ያረፈው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነበር። እዚያ ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «አፓርታይድ» የመንግሥት መመሪያ ሆኖ ነበር፤ ይኸውም ጥቁሩ ከነጩ ተለይቶ እንዲኖር፣ ተለይቶ እንዲማር፣ ተለይቶ እንዲሳፈር በሕግ ማስገደድ ነው። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ የይለፍ ደብተር መያዝ ነበረበት። በዕድሜ የገፋችሁት በደርግ ጊዜ ካገር አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት እንደሚጠየቅ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ግን የሚጠየቀው በቆዳው ቀለም ነው፤ በገዛ ከተማው መንገድ ላይ ደብተሩን ረስቶ የወጣ ሰው እስር ቤት ያድር ነበር።

ሮጎዚን በ1957 ከባለቤቱ ጋር ጆሐንስበርግ ገባ። የመጣበትን እውነተኛ ጉዳይ ቢናገር ወዲያው ያባርሩት ነበር። ስለዚህ ለባለ ሥልጣኖቹ «የጥቁሮችን ዘፈንና ጭፈራ ለማሳየት ነው» አላቸው። ፈቀዱለት፤ ወደ ወርቅ ማዕድን ጉድጓድ እንኳ አስገቡት። ዋሸ የሚለው ካለ ይበል፣ እኔ ግን አልፈርድበትም።

ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ለብዙ ወራት ሕዝቡን ተለማመደ። ታሪኩን አብረውት የጻፉት ሉዊስ ንኮሲና ብሎክ ሞዲሳኔ የሚባሉ ጥቁር ጋዜጠኞች ናቸው። «አፍሪካ ሆይ ተመለሺ» የተባለው ፊልም ዘካሪያ የሚባል ገበሬን ይከተላል። ዘካሪያ ረሃብ ከገጠር ያሰደደው የልጆች አባት ነው፤ ከማዕድን ወደ ነጭ ቤት አሽከርነት፣ ከዚያ ወደ ጋራዥ፣ ከዚያም ወደ ሆቴል ይንከራተታል። ይለፍ ከሌለው ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለው ይለፍ የለም። ታሪኩ የተፈጠረ ነው። ሰዎቹ ግን ተዋናዮች አይደሉም፤ ንግግሩን ከራሳቸው አፍ ያወጡታል፣ ጎዳናውም ማዕድኑም እውነተኛ ነው። ሶፊያታውን የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በዚያው ሰሞን እየፈረሰ ስለነበር ፍርስራሹ በፊልሙ ውስጥ ይታያል። ነዋሪዎቹ ከ1955 ጀምሮ በፖሊስ እየተጫኑ ተወስደዋል፤ በቦታው ለነጮች የተሠራው ሰፈር «ትሪዮምፍ» ተባለ፤ ድል ማለት ነው።

ፊልሙ በ1959 በቬኒስ ታየ፣ ተሸለመም። በኒው ዮርክ ደግሞ ሮጎዚን እንዲህ ያሉ ፊልሞች የሚታዩበት የራሱን ሲኒማ ቤት በ1960 ከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሮጎዚን የአሜሪካ ፓስፖርት በኪሱ ነበረ፤ ቢያዝ ከአገር መባረር ነው። አብረውት የሠሩት ግን መሸሻ አልነበራቸውም፤ እያወቁ ነው ፊታቸውን ለካሜራ የሰጡት። ሞዲሳኔ በ1959 ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ንኮሲ እንዳይመለስ ተደርጎ ነው ከአገሩ የወጣው።

በድብቅ መጠጥ ቤት ውስጥ የምትዘፍነው ወጣት ሚርያም ማኬባ ናት። ሮጎዚን ረድቷት ለፊልሙ ወደ ቬኒስ ሄደች። በ1960 እናቷ ሞቱ፤ ለቀብር ልመለስ ብትል ፓስፖርቷ መሰረዙ ተነገራት። እናቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ላይ ዘፍናለች፤ የገዛ አገሯን አፈር ዳግም የረገጠችው ግን በ1990 ነው።