በሊትር ስንት ይሄዳል?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እቁብ ደርሶታል። ከወንድሙ ጋር አዋጥተው ለኮንትራት ሥራ የሚሆን አሮጌ ላንድክሩዘር ሊገዙ ነው፤ 80 የሚባለውን፣ ባለ 4.5 ሊትር የቤንዚን ሞተሩን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ። ደላላው "በሊትር 10 ይሄዳል" ብሏቸው፣ እነሱም በዚያው ቁጥር የወር ትርፋቸውን አስልተው ጨርሰዋል። "ቲቸር፣ የታሪክ ጥያቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እውነት 10 ይሄዳል?" ይላል መልእክቱ።

አይሄድም። ደግሞም የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለዚያ ሞተርና ለዚያ መኪና የመዘገበው፣ ከተማና አውራ ጎዳና ተደባልቆ፣ በጋሎን 12 ማይል ገደማ ነው። የአሜሪካን ቁጥር ወደ እኛ ለማምጣት በ0.425 ማባዛት ነው፤ ስለዚህ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር። ያውም መኪናው አዲስ እያለ። ይህንን ወደ መንገድ እናውጣው፦ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ መልስ 550 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በደላላው ሒሳብ 55 ሊትር ይበቃል። በረጋ እጅ እየተነዳ በሊትር 6 ቢሄድ 92 ሊትር ነው። 5 ከሄደ 110። በአንድ ጉዞ ከ37 እስከ 55 ሊትር ልዩነት ማለት ነው። የዛሬውን የቤንዚን ዋጋ እናንተው አባዙት። ለኮንትራት ሥራ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም፤ ትርፍ የተባለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አሁን "መኪናው ስላረጀ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። እርጅና የራሱ ድርሻ አለው፤ እመጣበታለሁ። ዋናው ነገር ግን ይህ መኪና ሲወለድም በላተኛ መሆኑ ነው። የዘር ሐረጉ የጭነት መኪና ነው።

የኮሪያ ጦርነት በ1950 ሲነሳ በአካባቢው የጂፕ ዓይነት መኪና ፍላጎት ጨመረ። ቶዮታ በ1951 የራሱን ሠራ፤ በቀላል የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የጭነት መኪና ሞተር፣ 3.4 ሊትር፣ ተቀመጠበት። (በዚያው ዓመት የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ገብቶ ነበር። ክፍል ውስጥ ቃኘውን ሳስተምር ላንድክሩዘርን ሳልጠቅስ የማላልፈው ለዚህ ነው።) ያ መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጥቶ አሳየ፣ የጃፓን ፖሊስም አዘዘው። "ጂፕ" የሚለው ስም የሌላ ኩባንያ ስለነበር በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። እንግዲህ አስቡት፦ የተፈለገው ተራራ እንዲወጣ፣ ጭቃ እንዲጥስ፣ እንዳይሰበር ነው። በሊትር ስንት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቤንዚን ርካሽ ነበረ።

ጥያቄው ዓለምን ያስጨነቀው በጥቅምት 1973 ነው። የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፤ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ 12 ዶላር አካባቢ ገባ። እኛ አገር ምን እንዳመጣ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ (ፈተና ላይ ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ)። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አቁመው ነበር። ንጉሡ የነዳጁን ዋጋ ቢቀንሱም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። የቀረውን ታውቁታላችሁ። አብዮቱ በቤንዚን ብቻ መጣ የሚል ታሪክ አልወድም፤ ክብሪቱ ግን ማደያ አካባቢ ተጫረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሜሪካ ውስጥ ያው ድንጋጤ ሕግ ወለደ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በታኅሣሥ 1975 የፈረሙት የኢነርጂ ሕግ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚሸጣቸው መኪኖች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ ከተወሰነ ልክ እንዳይብስ አዘዘ። ለአውቶሞቢል በ1978 በጋሎን 18 ማይል፣ በ1985 ደግሞ 27.5። በእኛ ከ7.7 ወደ 11.7 ኪሎ ሜትር በሊትር መሆኑ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት አማካዩ 13 ማይል አካባቢ እንደነበረ ሲታሰብ ትልቅ ዝላይ ነው። ኩባንያዎቹ አለቃቅሰውም ቢሆን ደረሱበት።

ችግሩ "አውቶሞቢል" የሚለው ቃል ላይ ነው። ሕጉ ለቀላል የጭነት መኪና ሌላ፣ የላላ ልክ እንዲወጣለት ፈቀደ። ምክንያቱ ሲነገር ደግ ነበር፦ ገበሬው፣ አናጺው፣ ግንበኛው ፒካፑን ለሥራ ነው የሚፈልገው፣ አይጎዳ። እሺ፣ ጥሩ። ግን ትርጉሙን የጻፉት ሰዎች ፎር ዊል ያለውንና ከመሬት ከፍ ያለውን መኪና ሁሉ እዚያው መዝገብ ውስጥ ከተቱት። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የቤተሰብ መኪና ከፍ ብሎ ከተሠራ በሕግ ፊት የጭነት መኪና ሆነ። በ1978 በወጣ ሌላ ሕግ በላተኛ አውቶሞቢሎች ላይ ልዩ ግብር ሲጣልም እነዚህ ነፃ ወጡ።

የዶሮውን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ አይቆጨኝም አልልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጣሉ። አሜሪካ ለመበቀል ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ጣለች፣ በ1964። የዶሮው ጠብ ተረሳ፣ ቀረጡ ግን ቀረ። ስለዚህ የአሜሪካ ኩባንያዎች በፒካፕ ገበያ ላይ የውጭ ተወዳዳሪ ብዙም አላስፈራቸውም። ትርፉ እዚያ ነበር፤ በፒካፕ ሻንሲ ላይ ወንበርና ምንጣፍ ጨምሮ መሸጥ ደግሞ የበለጠ ትርፍ።

በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎርድ ኤክስፕሎረር የዚህ ልጅ ነው። ሻንሲው የሬንጀር ፒካፕ ነው፣ ገዢው ግን የከተማ ቤተሰብ። እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በ1975 ከአምስት አዲስ መኪኖች አንዱ ገደማ ነበር በጭነት መደብ የሚመደበው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ሊሞላ ደረሰ። ለጭነት መደብ የተቀመጠው ልክ ደግሞ ከ1996 እስከ 2004 በጋሎን 20.7 ማይል ላይ ተቸክሎ ቀረ። ውጤቱን ተመልከቱ፦ በአሜሪካ የሚሸጡ አዲስ መኪኖች ሁሉ አማካይ በ1987 በጋሎን 22 ማይል ነበረ፤ በ2004 ወደ 19.3 ወረደ። ሞተር እየተሻሻለ፣ ኮምፒውተር እየገባበት፣ አማካዩ ወደ ኋላ ሄደ! መሐንዲሶቹ የቆጠቡትን ነዳጅ ክብደቱና ጉልበቱ በላው። እኔ ይህንን የማየው እንደ መሐንዲሶች ድካም ሳይሆን እንደ አንድ ቃል ትርጉም ታሪክ ነው።

የተማሪዬ ላንድክሩዘር የዚያ ዘመን ሰው ነው። ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፣ ሻንሲውና ቦዲው ለየብቻ ነው፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፣ ፊቱ እንደ ቁም ሣጥን ቀጥ ያለ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 110 ስትጨምሩ የምታጡት ለዚህ ነው።

ታዲያ 10 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ደላላውን ውሸታም ከማለቴ በፊት ወረቀቱን ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወረቀቱም ይዋሻል። የአሜሪካው የከተማ ሙከራ መጀመሪያ የተነደፈው ጭስ ለመለካት ነው፣ የሎስ አንጀለስን መንገድ መስሎ። መኪናው ቤት ውስጥ፣ ሮለር ላይ ቆሞ ይሽከረከራል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአውራ ጎዳናው ሙከራ ከ97 ኪሎ ሜትር አያልፍም፣ ኤሲም አይከፈትም። ሰዎች "የተጻፈውን አናገኝም" ብለው ሲጮኹ በ1985 ከከተማው ቁጥር 10 በመቶ፣ ከአውራ ጎዳናው 22 በመቶ እንዲቀነስ ተደረገ። ያም አልበቃ ብሎ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ፈጣን መንዳት፣ ኤሲና ብርድ የተጨመሩበት አዲስ አሠራር መጣ። እኔ ከላይ የሰጠኋችሁ 12 ማይል በአዲሱ ስሌት የታረመው ነው።

የጃፓኑ ደግሞ የባሰ ለጋስ ነው። ከ1991 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ሙከራ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከፍተኛው 70 ነበር። ጃፓኖች እንደ እኛ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ብለው ስለሚጽፉ፣ ኢንተርኔት ላይ በዚያ መልክ የምታገኙትን ቁጥር ስታዩ የየት አገር ሙከራ እንደሆነ ጠይቁ። የናፍጣውን ቁጥር ለቤንዚኑ የሚሰጥም አለ። ሁለቱ መኪኖች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ ማደያ ላይ ግን አይተዋወቁም።

ወደ እርጅናው ልምጣ። ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ከወረቀቱም በታች ሊወርድ ይችላል፣ ግን አብዛኛው የሚስተካከል ነው። ኦክስጅን ሴንሰሩ ከሞተ ሞተሩ አየሩን ሳያውቅ ቤንዚን አብዝቶ ይረጫል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ፣ ጎማው ንፋስ ካነሰው፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ከተቸነከረበት፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ይወስዳል። ጎማው ከፋብሪካው በሚበልጥ ከተቀየረ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ከተሄደው ያነሰ ይቆጥራል፣ መኪናው ከሚገባው በላይ በላተኛ ይመስላል። ይህ ሻጩን የሚጎዳ ስህተት ስለሆነ ደላላ አይነግራችሁም ብዬ አልገምትም።

ለተማሪዬ የጻፍኩለት እንዲህ የሚል ነው፦ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ለካ። ታንከሩን ጢም አድርገህ ሙላ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሂድና ተመለስ፣ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቀጂ መሣሪያ ላይ እንደገና ሙላ። የሄድከውን ለገባው ሊትር አካፍል። "ተመለስ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐዋሳ 1,700። ወደ ሐዋሳ ስትወርድ ብቻ ለክተህ ብትደሰት ቁልቁለቱን ነው የለካኸው። ዳገቱን የሚያሳይህ መልሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። በሊትር ከ5 ወደ 6 ማድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በመቶ ኪሎ ሜትር 3.3 ሊትር ያድናል። ከ10 ወደ 12 ያደረሰ ሰው ያዳነው 1.7 ብቻ ነው። ስለዚህ በላተኛ መኪና ያለው ሰው ለሴንሰርና ለፍሬን የሚያወጣው ብር ቶሎ ይመለሳል። ከአሁኑ ባለቤት ላይ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ክርክር ነው።

"ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተወደደ?" አለኝ። ይህም ታሪክ አለው፣ ቅርብ ስለሆነ ግን አላስረዝመውም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። እዚህ ያለው እዚሁ ያረጃል፣ እያረጀም ይወደዳል። የመኪናው ዋጋ ሲጨምር ግን ሆዱ አይጠብም። ሰው ዋጋውን ሲሰማ ጥራቱንም ቁጠባውንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል።

ደላላው የጠራው ቁጥር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2024 ሞዴል ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ላንድክሩዘር አውጥቷል፤ እንደ ድሮው ሻንሲና ቦዲው ለየብቻ ነው፣ ሞተሩ ግን 2.4 ሊትር ባለ ቱርቦ ሆኖ ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከባትሪ ጋር ይሠራል። የተመዘገበለት አማካይ በጋሎን 23 ማይል ነው። በ0.425 አባዙት፦ 9.8 ኪሎ ሜትር በሊትር። ደላላው ለ1990ዎቹ መኪና የሰጣት 10፣ ቶዮታ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶ፣ ሞተሩን በግማሽ ሊጠጋ አሳንሶ፣ ባትሪ ጨምሮበት፣ ገና በሁለት አሥረኛ ይጎድላታል።