የሕዝብ መዋጮና የመንግሥት ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ወጪው ሁሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት መውጣት አለበት የሚሉ አሉ፤ ወላጅ ያላዋጣበት ትምህርት ቤት ባለቤት የለውም የሚሉም አሉ። እኛ ክርክሩን በቃል ከማራዘም ይልቅ፣ በአሜሪካ አገር በደቡቡ ክፍል የሚኖሩ ጥቁሮች ከ1912 እስከ 1932 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያሠሯቸውን ትምህርት ቤቶች ታሪክ መመልከት ይሻላል ብለናል።

ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላ፣ በዚያ አገር የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤት የተለያየ ነበር። ግብሩን ሁሉም ይከፍላል፤ ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ግን ነጮች ስለነበሩ፣ ለጥቁሮቹ ልጆች የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወይም በአሮጌ ጎጆ ይማሩ ነበር።

በአላባማ የቱስኪጊ ትምህርት ቤት መሪ የነበሩት ቡከር ዋሽንግተን ይህን ችግር ለቺካጎው ነጋዴ ለጁሊየስ ሮዘንዋልድ አስረዷቸው። ሮዘንዋልድም በ1912 ከሰጡት 25,000 ዶላር በተረፈው ገንዘብ በገጠር ስድስት ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀዱ። ከእነዚህም በሎቻፖካ የተሠራው 942 ዶላር ከ50 ሳንቲም ፈጀ። ሮዘንዋልድ 300፣ የአካባቢው ነጮች 360 ዶላር ሰጡ፤ ጥቁሮቹ ደግሞ 150 ዶላር ለመሬቱ አዋጥተው፣ 132 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚገመት ጉልበት ጨመሩበት።

የዕቅዱ ብልሃት በውሉ ላይ ነበር። ርዳታው የሚገኘው በመጀመሪያ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በእንጨት ወይም በጉልበት ድርሻውን ሲያቀርብ ነው፤ ሁለተኛም የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ሕንጻውን ተረክቦ የመንግሥት ትምህርት ቤት አድርጎ ሊያስተዳድረው፣ ትምህርቱም በዓመት ቢያንስ አምስት ወር እንዲቆይ ሊያደርግ ሲስማማ ነው። ስለዚህ የድኻው መዋጮ እንዲሁ ስጦታ ሆኖ አልቀረም፤ ባለሥልጣኑን የሚይዝ ማሰሪያ ሆነ።

ገንዘቡም በቀላሉ አልተገኘም። ሴቶቹ ራት እያዘጋጁ በጨረታ ሸጡ፤ ገበሬዎቹ ከማሳቸው ከፍለው፣ ከዚያ የተለቀመውን ጥጥ ዋጋ ለትምህርት ቤቱ አዋሉት፤ ሌሎችም ከጫካ እንጨት ቆርጠው ሳንቃ አወጡ። በአላባማ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ፣ የባርነትን ዘመን ያዩ አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን 38 ዶላር ጠረጴዛው ላይ እንዳፈሰሱት ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ያስገኘው አራት ግድግዳ ብቻ አይደለም። በሕንጻው ፕላን ላይ ከመማሪያው ክፍል ጋር የእጅ ሥራ ክፍል ነበረበት፤ በዚያም ሴቶች ልጆች ስፌትና የምግብ ሥራ፣ ወንዶች ልጆች አናጢነት ይማሩ ነበር። መስኮቶቹ ሰፋፊ ሆነው ልጆቹ በቂ ብርሃን እንዲያገኙ ታስቦባቸው ነበር። ኋላም የንባብ መጻሕፍት ለየትምህርት ቤቱ ተከፋፈሉ። ግምጃ ቤቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው ባልታሰበም ነበር።

የሕንጻው ሥራ በ1932 ሲያበቃ በ15 ክፍላተ ሀገር 4,977 ትምህርት ቤቶች፣ 217 የአስተማሪ ቤቶችና 163 የእጅ ሥራ ቤቶች ቆመው ነበር። ጠቅላላው ወጪ 28,408,520 ዶላር ሲሆን፣ ከግብር የወጣው 18,105,805፣ ከጥቁሮቹ መዋጮ 4,725,871፣ ከሮዘንዋልድ ድርጅት 4,364,869፣ ከነጮች ስጦታ 1,211,975 ዶላር ነው። እንግዲህ ድኾቹ ከባለጸጋው የበለጠ ሰጥተዋል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ይህን አይተን በማድነቅ ብቻ ብናልፍ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። እነዚህ ወላጆች ግብራቸውን አስቀድመው ከፍለዋል፤ ለጎረቤቶቻቸው ልጆች በግብር ብቻ የተሰጠውን ለማግኘት እንደገና ከኪሳቸው ከፈሉ። መዋጮው ትጋታቸውን እንደሚያሳይ ሁሉ የተበደሉትንም ያሳያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ የፈረደው በ1954 ነው።

ስለዚህ አስተማሪም ሆነ ሹም ከወላጆች ፊት የመዋጮ መዝገብ ሲዘረጋ ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። ይህ ገንዘብ መንግሥት ከሚሰጠው ላይ የሚጨመር ነው ወይስ የመንግሥትን ድርሻ የሚተካ? ሕዝቡ ድርሻውን ሲሰጥስ መንግሥት በበኩሉ ምን ለመፈጸም ይገባል? ሕዝቡ ጨምሮ ሲሰጥ ላይብረሪውና የእጅ ሥራው ክፍል ይቆማሉ፤ የመንግሥትን ዕዳ ሲሸከም ግን መዋጮው፣ ስሙ ብቻ ተለውጦ፣ በድኻው ላይ ሁለተኛ ግብር ይሆናል።