ሥራ፦ የቤት እመቤት

ባለፈው ወር የአዳዲስ አባላትን የብድር ቅጽ ስመዘግብ «ሥራ» በሚለው መስመር ላይ አብዛኞቻችሁ «የቤት እመቤት» ብላችሁ መሙላታችሁን አየሁ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋም፣ ጓሮዋ ላይ ጎመንና ቆስጣ የምታለማዋም እንዲሁ ነው የጻፈችው። ያኔ የአያቴ የቀበሌ መታወቂያ ትዝ አለኝ። እሱም «የቤት እመቤት» ነው የሚለው። አያቴ ግን ዕድሜ ልኳን ገበሬ ነበረች።

አያቴ ያረፈችው በ2006 ዓ.ም. ነው። የተወለደችበትን ዓመት የጻፈ ሰው የለም። «ጣልያን ሲገባ ውኃ የምቀዳ ልጅ ነበርኩ» ትል ስለነበር፣ ጣልያን የገባው በ1928 ከሆነ ስትሞት 85 ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር ማለት ነው። አገሯ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ስትሞት አክስቴ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠችኝ፤ «አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ፣ እይው» አለችኝ። በብዛት የግብር ደረሰኝ ነበር። እኔም እንደ ሙያዬ በዓመተ ምሕረት ደረደርኩት፤ የአያቴን ታሪክ በቅጡ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደረሰኞች በአማቷ፣ ቀጥለው ያሉት በአያቴ ባል ስም ናቸው። ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም ወገን ርስት መጠየቅ ትችል ነበር። አያቴም ከእናቷ ወገን የመጣ ድርሻ ነበራት። ነገር ግን ሴት እርፍ አትጨብጥም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ታበጥራለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ግን የወንድ ነው። ስለዚህ መሬቷን ባሏ አረሰው፣ ግብሩም በስሙ ተከፈለ። «ገበሬ» የሚለው ቃል «ገበረ» ከሚለው ጋር ይዛመዳል፤ «ገበረ» ደግሞ ግብር ከፈለ ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ ስሟ የሌለች ሴት ታዲያ በምን ገበሬ ትባል?

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመጸ። ሰዉ የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ነው የፈራው። የአያቴ ባል ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቶ ከርሟል። በዚያ ክረምት አረሙን ያረመችው፣ ከብቱን ያገደችው፣ ልጆቹን ያበላችው አያቴ ናት። ዘጠኝ ወልዳ አምስት ነው ያደጉላት። ስለ አራቱ ስትጠየቅ «እግዜር ያውቃል» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን አዋጅ ቁጥር 31 መሬት የሚሰጠው ጾታ ሳይለይ ነው አለ። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ሊይዝ እንደሚችልም ደነገገ፤ በእነ አያቴ አገር ያን ያህል መሬት የነበረው ሰው አልነበረም። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው የቤተሰቡ አባወራ ነው። መፈክሩም «መሬት ለአራሹ» ነበር፤ አራሽ ደግሞ ማን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ባሏ በ1974 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ደረሰኞች በእሷ ስም ናቸው። ታላቁ ወንድ ልጇ ለአራት ዓመት አረሰላት። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ስለነበር በ1978 እሱንም ወሰዱት። አልተመለሰም። ደረሰኝም የለውም።

የዚያን ዓመት የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ዝናቡ ጥሏል፣ ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል፤ የሚያርስ ወንድ ቤት ውስጥ የለም። እኩል ለሚያርስ ብትሰጥ ግማሹ ምርት ይሄዳል። ከቀሪው ላይ ደግሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የሚገባ ኮታ አለ። ኮታው ሲጎድልባት ከገበያ በውድ ገዝታ በርካሽ ያስገባችበት ዓመት እንደነበር አክስቴ ታስታውሳለች (እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ይህንን ኪሳራ እንለዋለን፤ እሷ «የዓመት ዕዳ» ነበር የምትለው)። ስለዚህ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ አክስቴን ቀሰቀሰቻትና በሬዎቹን ጠመዱ። አክስቴ ከፊት እየመራች፣ አያቴ እርፍ ይዛ አረሱ። ፀሐይ ስትወጣ ሰው እንዳያያቸው ፈትተው ተመለሱ። ትልሙ ጠማማ ነበር አለችኝ አክስቴ እየሳቀች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤት አያቸው። ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ግን ሰባት ጥማድ በሬ ይዘው ደቦ መጡላት፤ በሁለት ቀን ጨረሱት። እኔ ይህን ስሰማ የጎረቤት ደግነት ነው ብዬ ተደስቼ ነበር። አያቴ ግን «ደግነት አይደለም፣ አፍረው ነው» ነበር ያለችው። ጠላውን ግን ጠምቃ አጠጥታቸዋለች።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ከስምንት ጥማድ መሬቷ ሦስቱ ተቀነሰ። የተሰጠው ባሏን ለፈታች፣ ሁለት ልጅ ላላት ወጣት ሴት ነው። እኛ ሴቶች ስለ ሴቶች መብት ስንጽፍ ይህን ክፍል መዝለል ይቀናናል፤ እኔ ግን አልዘለውም። ለዚያች ወጣት ያ ድልድል ሕይወት ነበር። ለአያቴ ደግሞ 68 ዓመቷ ላይ ከእናቷ የወረደ ቁራሽ መሬት መነጠቅ ነበር። ለሦስት ዓመት ሰላምታም አልተለዋወጡም። በአራተኛው ዓመት የአያቴ አንደኛው በሬ ሞተ፤ ልጅቱም ያላት አንድ በሬ ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ምርጫ የላቸውም፤ ቅንጃ ገቡ። ሁለቱ ሴቶች በሬዎቻቸውን አጣምረው የልጅቱ ወንድም እንዲያርስላቸው አደረጉ። ከዚያ እስከ አያቴ ሞት ድረስ ቡና የሚጠጡት አብረው ነበር።

ከዚያ ቅንጃ የወጣ ጤፍና ቅቤ ነው እኔን ኮሌጅ ያስተማረኝ። በየመስከረሙ በሰው እጅ ገንዘብ ትልክልኝ ነበር፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ። ስንት እንደሆነ ቆጥራ ታስነግረኛለች፤ አንድም ጊዜ ጎድሎ አላገኘሁትም።

ከጥቅሉ በታች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ አለ። በክልሉ ይህ ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ለባልና ሚስት ሲሆን በሁለቱም ስም ከነፎቶግራፋቸው ይዘጋጃል። የአያቴ ላይ ያለው የራሷ ፎቶ ብቻ ነው። ሻሿን አስተካክላ፣ ካሜራውን እንደተቆጣች ሆና ታያለች። በውስጡ መታወቂያዋን አጣጥፋ አስቀምጣዋለች፤ ያው «ሥራ፦ የቤት እመቤት» የሚለውን። የመጨረሻው ደረሰኝ የ2006 ነው። የሞተችው በጥቅምት ነበር፤ የዚያን ዓመት ግብር ግን አስቀድማ፣ አዝመራው ሳይገባ ከፍላ ነበር።